በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት እና መቶ ዓመት የተጓዘው ሕግ

ባለፈው ዓመት በተገናኘንበት ዕለት ከምሳ በኋላ የተነሳው ክርክር ብዙዎቻችሁ ትዝ ይላችኋል ብዬ አምናለሁ። አንዱ የሲንጋፖርን፣ ሌላው የኮሪያን፣ ሦስተኛው የኖርዌይን አሠራር እያነሳ እኛስ ለምን እንዲህ አናደርግም ሲል፣ ወዲህ ደግሞ የሰው ልብስ ለእኛ አይሆንም የሚሉት ሲመልሱ፣ ቡናው ቀዘቀዘ፤ ሰዓቱም ሄደ። ግማሾቻችን ውጭ ተምረን የተመለስን፣ ግማሾቻችን እዚያው የቀረን ስለሆንን ነገሩ ሁላችንንም ይነካል። አዘጋጅ ኮሚቴው የዘንድሮውን የሕይወት ታሪክ ገጽ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ፣ ያንኑ ክርክር እንደያዝኩ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን መረጥኩ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት በመጻፋቸው ነው። እኔ ግን ይበልጥ የምተርከው የሌላ አገር ሕግ ይዘው ስለመጡበት ሥራ ነው።

የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር ነው። ገና በልጅነት ሐረር፣ ራስ መኮንን ቤት ገቡ። በ1888 ዓ.ም. ጦሩ ወደ ዓድዋ ሲዘምት አሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ አብሮ ሄደ። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየቭ የሚባለው ሩሲያዊ መኮንን ልጁን ይዞት ወደ አገሩ ተሻገረ። እዚያም የኮሎኔል ሞልቻኖቭ ቤተሰብ እንደ ልጁ አሳደገው። ፒተርስበርግ ከሚገኘው የሚካኤል የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሮ መኮንን ሆነ። እስቲ አስቡት፤ ከሐረር ግቢ የወጣ የሸዋ ልጅ በሩስኛ የሒሳብና የመድፍ ትምህርት ሲቀጽል!

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ ውስጥ እያሉ እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ጃፓን ሩሲያን በየብስም በባሕርም አሸነፈች። ፖርት አርተር ወደቀች፤ ከባልቲክ ባሕር ተነስቶ ግማሽ ዓለም የዞረው መርከበኛ ጦር ሹሺማ ላይ ሰጠመ። በዚያው ዓመት ፒተርስበርግ ውስጥ ሠራተኛው አቤቱታ ይዞ ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄድ ተተኮሰበት፤ አገሩ በሙሉ ታመሰ፤ ዛሩ ሳይወድ በግድ ዱማ የሚባል ምክር ቤት ፈቀደ። ዓድዋን በዓይኑ ያየ ወጣት ሌላ ነጭ ያልሆነ አገር አንድ የአውሮፓ ኃያል ሲያሸንፍ በተሸናፊው አገር ሆኖ ተመለከተ ማለት ነው። ያን ጊዜ በልቡ ምን እንዳሰበ በእሱ ቦታ ሆኜ አልናገርም። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ጃፓን ላይ የጣሉ የአገራችን ምሁራን ግን ብዙ ናቸው፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አንዱ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሌላው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጃፓን ጥንታዊ ዘር የሚቆጥር ንጉሠ ነገሥት አላት፤ ቅኝ አልተገዛችም፤ ዙፋኗን ሳትነካ ፋብሪካና ጦር ሠራች። ለእኛ ቤተ መንግሥት ከዚህ የሚጥም ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ተክለ ሐዋርያት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ተመለሱ፤ አፍታም ሳይቆዩ እርሻ ለመማር እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ። ሲመለሱ ያዩትን በአውሬዎች ተረት መልክ ጽፈው ፋቡላ የተባለውን ኮሜዲ ለመኳንንቱ አሳዩ። ሹማምንቱን ይነካል ተብሎ ታገደ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ካወረዱት ወገን ነበሩ። ቀጥሎ ጅጅጋን ገዙ፤ ከተማዋንም በፕላን አስቀየሱ።

ከዚያ ጨርጨር። የእሳቸው ሥራ የሚታየው እዚህ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ጨርጨር የሞዴል ግዛት እንድትሆን ታስቦ ለእሳቸው ተሰጠች። አስበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ያኔ ተቆረቆረች፤ መንገድ ተጠረገ፤ አስተዳደሩ ሥርዓት ይዞ በጽሑፍ እንዲመራ ተሞከረ። ይህም ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ከቡናው፣ ከዳገቱና ከገበሬው ጋር በየቀኑ እየተጋጨ መታረም ነበረበት። ወረቀት ላይ ብቻ ሊቀር አይችልም፤ መንገዱ ወይ ይወጣል ወይ አይወጣም።

ንጉሠ ነገሥቱ ከነገሡ በኋላ ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁም ታዘዙ። የልዩ ልዩ አገሮች ሕግ ተጠና፤ የተመረጠው ግን የጃፓኑ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕጉ ሲፈረም ለመኳንንቱ ንግግር አድርገው ያብራሩትም እሳቸው ናቸው።

አሁን ይህ ሕግ ከየት ተነስቶ እንደመጣ እንከተል። የእኔ ሙሉ ጉዳይ እዚህ ነው፤ ታገሡኝ። በዚህ አንቀጽና በሚቀጥሉት የምጠቅሳቸው የውጭ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1831 ቤልጅየም ሕገ መንግሥት ጻፈች። በእሱ መሠረት ሥልጣን ሁሉ የሚመነጨው ከሕዝቡ ነው፤ ንጉሡ ያለው ሥልጣን የተሰጠው ብቻ ነው፤ ግብር በየዓመቱ በምክር ቤት ካልተፈቀደ አይሰበሰብም። በ1850 ፕሩሲያ ከዚህ ሕግ ብዙ ቀዳች፤ የመብቱን ክፍል በተለይ። ነገር ግን ሥልጣን ከሕዝብ ይመነጫል የሚለውን ድንበር ላይ ጥላው መጣች፤ የነበረው ግብርም ምክር ቤቱ ባይፈቅድም መሰብሰቡን እንዲቀጥል አደረገች። ከ1862 ጀምሮ ቢስማርክ ያልጸደቀ በጀት ይዞ አራት ዓመት አገር የገዛው በዚያው ቀዳዳ ነው።

በ1882 ኢቶ ሂሮቡሚ የተባለው የጃፓን መሪ አውሮፓ መጣ። በርሊን ከግናይስትና ከሞሴ፣ ቪየና ከሽታይን እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ፤ ቶኪዮ ሲመለስም ሮዝለር የሚባል ጀርመናዊ አማካሪ አብሮት ሠራ። በ1889 የወጣው የጃፓን ሕግ በ7 ምዕራፍ 76 አንቀጽ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የተቀደሰና የማይደፈር ሆነ። ምክር ቤቱ በጀት ካላጸደቀ ያለፈው ዓመት በጀት ይሠራል ተባለ። የቢስማርክን ቀዳዳ በሕግ በር አደረጉት። ቢሆንም የታችኛው ምክር ቤት በምርጫ ነበር፤ መራጩ ግብር የሚከፍል ጥቂት ሰው፣ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆንም።

በ1931 ለእኛ ደረሰ፤ ልክ በመቶ ዓመቱ። ምዕራፉ እንደ ጃፓን 7፣ አንቀጹ 55። የጃፓን ዘር የማይቋረጥ እንደተባለው ሁሉ እዚህ ዙፋኑ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ለሚወርደው ዘር ተወሰነ፤ የንጉሠ ነገሥቱም አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነቀፍ ሆነ። መብቱ ተቆጠረ፤ ሕግ ከሚወስነው በቀር የምትል ልጓም ግን ከጃፓን አብራ መጥታለች። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውን አባላት ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጣሉ። ቤልጅየሞች ሥልጣንን ከሕዝብ አንስተው የጀመሩት መንገድ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ የቀረችው ያቺው ከመቶ አንዷ መራጭም አልገባችም።

ይህን ያህል ካልኩ በኋላ ተክለ ሐዋርያትን እንደ ደብተር ገልባጭ ማየት ግን በደል ነው። የሕጉን መጨረሻ፣ 55ኛውን አንቀጽ ተመልከቱ። የመንግሥት ገቢ በዓመታዊ በጀት መሠረት ካልሆነ በቀር ወጪ አይሆንም ይላል፤ በጀቱን የገንዘብ ሚኒስትሩ ያቀርባል፤ ምክር ቤቶቹ ይመክሩበታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያጸድቁታል። የንጉሥ ግምጃ ቤትና የአገር ግምጃ ቤት ባልተለየበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጸሐፊው ራሳቸው የገንዘብ ሚኒስትር እንደነበሩ አትርሱ። የሕጉ ሌላው ክፍል ለዙፋኑ የተሰፋ ነው፤ ይህቺ አንቀጽ ግን ሒሳብ የለመደ የመድፈኛ እጅ ያለባት ትመስለኛለች።

ምክር ቤቱ በ1924 ዓ.ም. ተከፈተ። ተክለ ሐዋርያት ብዙም ሳይቆዩ በፓሪስ ሚኒስትር፣ በጄኔቫም የመንግሥታት ማኅበር መልእክተኛ ሆነው ሄዱ። ወልወል ላይ ተኩስ ተከፍቶ ጣሊያን ሰበብ ስትፈልግ የአገራቸውን ጉዳይ ይዘው የቆሙት እሳቸው ነበሩ። እዚያም ሌላ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ሲፈተን አዩ፤ የጋራ ደኅንነት የሚባለው። ትንሽ አገር ስትወረር ሁሉም ይደርስላታል ተብሎ ተጽፏል። ማንም አልደረሰም።

በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር መውጣታቸውን አልደገፉም። ሥልጣናቸው አይነቀፍም ብሎ የጻፈ እጅ ነቀፈ። ከዚያ ስደት፤ ማዳጋስካር። አገር ነፃ ከወጣ በኋላም አልተመለሱም። ሁሉም ተደምሮ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከአገራቸው ርቀው ኖሩ፤ ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በበኩሉ አርአያን የመሰለ ልብ ወለድ ጻፈ።

የእኛ ትውልድ በዚህ ላይ የሚፈርድበት አፍ ያለው አይመስለኝም። ቶኪዮን ንቀን ከሞስኮና ከፔኪንግ ያመጣነው የእኛ አይደለም እንዴ? እኛም መጽሐፉን አነበብን እንጂ ድንበር ላይ ምን እንደወደቀ አላየንም። በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ባዶ የቀሩትን ወንበሮች ሳስብ እጄ አልታዘዝ ይለኛል፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ።

ተክለ ሐዋርያት ሲመለሱ ሹመት አልፈለጉም፤ ጨርጨር፣ ሂርና ገብተው አረሱ። በ1923ቱ ሕግ ምትክ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ወጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ አባላትን መረጠ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ያም ታገደ፤ ምክር ቤቱም ተዘጋ። እሳቸው ያን ሁሉ ቆመው አዩ። በ1969 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው አረፉ። የሕይወቴ ታሪክ ያሉት መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። ዘንድሮ ስንገናኝ የእኔን ቅጂ ይዤ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ የሚወስደው የጨርጨሩን ክፍል ሳያነብ እንዳይመልስልኝ።