ኦሊቨር ሄቪሳይድ

ኦሊቨር ሄቪሳይድ (ሜይ 18 ቀን 1850 – ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1925 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ አገር የሒሳብና የኤሌክትሪክ ሊቅ ነበር። በክፍል በክፍል ከሚገለጹ ፈንክሽኖች (አስረካቢዎች) አንዱ የሆነው የደረጃ ፈንክሽን በስሙ ይጠራል።

ሕይወት

ለንደን ውስጥ ካምደን ታውን በተባለ ሰፈር ተወለደ። በልጅነቱ ስካርሌት ፊቨር የተባለ በሽታ ይዞት የመስማት ችሎታው ተጎዳ። በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት አቁሞ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ራሱን በራሱ አስተማረ። በቴሌግራፍ ሠራተኛነት በዴንማርክና በኒውካስል ከቆየ በኋላ በ1874 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለቆ በወላጆቹ ቤት የማክስዌልን የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መጽሐፍ ማጥናት ያዘ። የማክስዌልን በርካታ እኩልዮሾች ዛሬ ተማሪዎች በሚያውቋቸው 4 እኩልዮሾች መልክ ካስቀመጡት ሰዎች ዋነኛው ነው።

የደረጃ ፈንክሽን

ሄቪሳይድ ማብሪያ ማጥፊያ ሲጫን በሽቦ ውስጥ የሚሆነውን ለማስላት ፈለገ። ከመጫኑ በፊት ቮልቴጁ 0፣ ከተጫነ በኋላ 1 ነው እንበል። የዚህ ግራፍ ሁለት አግድም መስመሮች አሉት፦ ከዜሮ በስተግራ በ0 ከፍታ፣ በስተቀኝ ደግሞ በ1 ከፍታ። በሁለቱም መስመሮች ላይ ተዳፋቱ 0 ነው፤ በዜሮ ላይ ግን ግራፉ ስለሚዘል ፈንክሽኑ እዚያ ቀጣይ አይደለም። በመዝለያው ነጥብ ላይ ዋጋው 1 ነው ከተባለ፣ በ0 ከፍታ ክፍት ክብ፣ በ1 ከፍታ የተሞላ ክብ ይደረጋል።

ይህ ፈንክሽን ሌሎችን ለመገንባት ይጠቅማል። ለምሳሌ ግቤቱ ከ2 ሲያንስ ውጤቱ ራሱ ግቤቱ፣ 2 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ውጤቱ 5 የሆነ ፈንክሽን ይኑር። ደረጃውን ወደ 2 አዛውሮ፣ ከ5 ላይ ግቤቱ ተቀንሶ በሚገኘው ቁጥር ማባዛትና በግቤቱ ላይ መደመር ነው። ከ2 በፊት ደረጃው 0 ስለሆነ የተደመረው ይጠፋል፤ ከ2 ጀምሮ ደረጃው 1 ስለሆነ ግቤቱ ተጣፍቶ 5 ይቀራል። ግራፉም በ2 ላይ ከ2 ወደ 5 ይዘላል።

ተቃውሞና ውርስ

ሄቪሳይድ በስሌቱ ውስጥ የለውጥ መጠን ምልክትን እንደ ተራ ቁጥር ያባዛና ያካፍል ነበር። መልሱ ትክክል ቢወጣም ማረጋገጫ አልነበረውም። በ1891 እ.ኤ.አ. የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ቢሆንም፣ ማኅበሩ በ1894 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ዘዴ የጻፈውን ሦስተኛ ክፍል ሳያትም ቀረ። በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ዘዴውን በላፕላስ ትራንስፎርም አማካይነት አረጋገጡት። ሄቪሳይድ በ1922 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የፋራዳይ ሜዳልያ ተቀበለ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በቶርኪ ከተማ አረፈ።