የአፈር መካኒክስ አባት

ካርል ተርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1883 በፕራግ ተወለዱ። ኢስታንቡል ሲያስተምሩ፣ በሸክላ አፈር ላይ የቆመ ሕንፃ ለምን ለዓመታት እየሰመጠ እንደሚሄድ መመርመር ጀመሩ፤ በቂ መሣሪያ ስላልነበራቸው በሲጋራ ሣጥን ጭምር ሠሩ። ምስጢሩ ውኃው ሆኖ ተገኘ። ጭነቱን መጀመሪያ የሚሸከመው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውኃ ነው፤ ቀስ በቀስ ተጨምቆ ሲወጣ አፈሩ ይጠነክራል። መሐንዲሶች ዛሬም ከግንባታ በፊት በደካማ መሬት ላይ አፈር ቆልለው ወራት የሚጠብቁት በዚሁ ስሌት ነው።

ቪየና ውስጥ ግን ባልደረባቸው ፓውል ፊሉንገር በ1936 ንድፈ ሐሳቡን በጽሑፍ አወገዙ። አጣሪ ኮሚቴው ለተርዛጊ ፈረደ፤ ፊሉንገርና ባለቤታቸው በ1937 ራሳቸውን አጠፉ። ፊሉንገርም ቀላል ምሁር አልነበሩም።

ተርዛጊ በ1938 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1963 አረፉ። ካናዳ ውስጥ አንድ ግድብ በስማቸው ይጠራል።