ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፤ ከወይዘሮነት ወደ አገልጋይነት

ስለ ትሕትና በአንደበት ብዙ ይነገራል፤ እውነተኛነቱ የሚታወቀው ግን ሰው ከክብሩ ወርዶ በሠራ ጊዜ ነው። ለዚህም የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት ለሁላችን ትምህርት ይሆነናል።

ወለተ ጴጥሮስ ጎንደር ከተማ ሳትቆረቆር በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች፤ ወገኗም ታላቅ ነበረ። ለአካለ መጠን በደረሰች ጊዜ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ፥ የዚህን ዓለም ኃላፊነት ተረድታ ልቧ ወደ ምንኵስና አዘነበለ። ከቤቷ በወጣች ጊዜ ባሏ ተከታትሎ አገሩን ስላስጨነቀ፥ ሕዝቡ በእርሷ ምክንያት እንዳይጠፋ ብላ ተመለሰች። ነገር ግን በ1609 ዓ.ም. የተገደሉት የጳጳሱ የአቡነ ስምዖን ልብስ በባሏ ዘንድ መኖሩን ባወቀች ጊዜ ፈጽማ እንደ ተለየችው ገድሏ ይናገራል።

ቤትን መተው የአንድ ቀን ነገር ነበረ፤ የወይዘሮነትን ልብ መተው ግን የብዙ ጊዜ ሥራ ሆነ። ቀድሞ ገረዶች ይፈጩላትና ውኃ ይቀዱላት የነበረችው እመቤት፥ ጠጕሯን ተላጭታ ያረጀ ልብስ ለብሳ፥ እህል ትፈጭ፥ በእንስራ ውኃ ትቀዳ፥ እንጨት ትለቅም ጀመር። እንደ እርሷ ትዳሯን ትታ የመነነች እኅተ ክርስቶስም የዕድሜ ልክ ጓደኛ ሆነቻት።

ይሁን እንጂ ትሕትናዋ ፍርሃት አልነበረም። በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ በተቀበሉ ጊዜ፥ እርሷ የአባቶቿን ሃይማኖት አልለቅም ብላ ወደ ዋልድባና ወደ ጸለምት በረሃ ሸሸች። በኋላም በንጉሡ አደባባይ ቆመች፤ ፓትርያርኩ አልፎንስ ሜንዴዝ ብዙ ቢያስተምራትም አልተመለሰችም። ስለዚህ ወደ ዠበይ ቆላ ተግዛ ሦስት ዓመት ያህል ተሰደደች።

በስደቷ ስፍራ ብዙ ሰዎች ተከትለዋት ተሰበሰቡ። ራሷን ለአለቅነት የማትበቃ አድርጋ ስለ ቈጠረች በብቸኝነት መኖርን ብትመርጥም፥ በመጨረሻ የነፍሳትን ሸክም ተቀበለች። ከግዞት ስትመለስም በደምብያ ጫንቋ ማኅበር አቆመች። በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት ተመልሶ ዐፄ ፋሲል ሲነግሡ፥ የታገሠችለትን ነገር በዓይኗ ለማየት በቃች። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ገደማ ዐርፋ በጣና ባሕር በሬማ ደሴት ተቀበረች። መነኩሴው ገላውዴዎስም በ1665 ዓ.ም. ገድሏን ጻፈ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ የደብራችንን ኢዮቤልዩ ስናከብር በልባችን የምንመረምረው አንድ ነገር አለ። ከፊት ለመቀመጥ የሚሻ ብዙ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ የሚጠርግና ውኃ የሚቀዳ ግን ጥቂት ነው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በንጉሥ ፊት የጸናችው አስቀድማ በእንስራው ሥር ልቧን ስላዋረደች ነው። እኛም ከዚያው እንጀምር። በረከቷ ይደርብን፤ አሜን።