ዐይነ ስውሩ ሊቅ ዲዲሞስ

በደጀ ሰላም ዐይነ ስውር ሲገጥመን ቶሎ ትዝ የሚለን ምጽዋት ነው፤ መምህርነት ትዝ የሚለን ጥቂቶች ነን። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ዲዲሞስ ግን በእስክንድርያ የመምህርነት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

የተወለደው በ313 ገደማ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ገና ፊደል ሳይለይ፣ በአራት ዓመቱ አካባቢ ዐይኑ ጠፋ። እርሱ ግን በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ ለየ፤ መጻሕፍትን እያስነበበ በቃሉ ያዘ። ማየት ይጠይቃል የሚባለውን ጂኦሜትሪ እንኳ ተማረ!

አባ ሰላማን ለአገራችን የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ በእስክንድርያው ትምህርት ቤት ላይ መምህር አደረገው። የአባ ሰላማን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ጀሮምም ከእርሱ ተምሯል።

ቅዱስ እንጦንስ ዐይኑን በማጣቱ ያዝን እንደሆነ ጠየቀው። ዲዲሞስ አፍሮ ዝም አለ። ደጋግሞ ሲጠይቀው ማዘኑን ተናገረ። እንጦንስም ጉንዳንና ዝንብ ስላላቸው ዐይን ሊያዝን እንደማይገባው፣ ይልቅስ ቅዱሳን ባገኙት ብርሃን ደስ ሊለው እንደሚገባ ነግሮ አጽናናው። ብዙ ጊዜ የሚተረክልን ይህ ማጽናኛ ነው። እኛን ግን ያ ዝምታ ይዞናል። ያን ያህል ሊቅ ሆኖ አዝኗል፤ ኀዘኑም እምነት እንደ ማጣት አልተቆጠረበትም፣ ከወንበሩም አላወረደውም።

ያረፈው በ398 ገደማ ነው። የኦሪጎን ተከታይ ነው ተብሎ በ6ኛው መቶ ዓመት ስለተወገዘ ብዙ መጻሕፍቱ ጠፉ። ስለ መንፈስ ቅዱስ የጻፈው በጀሮም የላቲን ትርጉም ተርፏል። በ1941 ደግሞ በካይሮ አጠገብ፣ በቱራ ዋሻ ውስጥ፣ የዘፍጥረትና የዘካርያስ ትርጓሜው በፓፒረስ ተጽፎ ተገኘ።