ጃኔት ራንኪን፦ ጦርነትን ሁለት ጊዜ የተቃወሙት እንደራሴ

የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን በደበደቡ ማግስት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941፣ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ጦርነት ለማወጅ ድምፅ ሰጠ። 388 አባላት ደገፉ፤ የተቃወመው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እርሳቸውም የሞንታናዋ እንደራሴ ጃኔት ራንኪን ናቸው። ከአዳራሹ ሲወጡ በቁጣ የተሞላ ሰው ስለከበባቸው ወደ አንዲት የስልክ መደወያ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ቢሯቸው የደረሱት በፖሊስ ታጅበው ነው።

ይህ ለራንኪን አዲስ ነገር አልነበረም።

በ1880 ሚዙላ ከተማ አቅራቢያ ሲወለዱ ሞንታና ገና ሙሉ ክፍለ ግዛት አልሆነችም። ራንኪን በዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት አጥንተው፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ጥቂት ሠርተው የሴቶችን የመምረጥ መብት ትግል ተቀላቀሉ። የሞንታና ሴቶች ይህን መብት በ1914 አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ራንኪን በሪፐብሊካን ፓርቲ ስም ተወዳድረው በማሸነፍ ለኮንግረስ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ያን ጊዜ አብዛኞቹ አሜሪካውያት ለፕሬዚዳንት ድምፅ መስጠት እንኳ አይችሉም ነበር።

ቃለ መሐላ በፈጸሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምክር ቤቱ በጀርመን ላይ ጦርነት ለማወጅ ተሰበሰበ። ወንድማቸው ዌሊንግተን እንዲደግፉ መከሯቸው፤ አንዳንድ የትግል ጓዶቻቸውም ተቃውሟቸው የሴቶችን ጥያቄ ይጎዳል ብለው ሰጉ። ራንኪን ግን ተቃወሙ። በዚያው ዕለት 49 ወንዶችም አብረዋቸው ተቃውመው ነበር፤ የዘመኑ ወቀሳ ግን በሴቲቱ ላይ በረታ።

በዚያው ዓመት በቢዩት ከተማ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በተነሣ እሳት 168 ሠራተኞች ሲሞቱ፣ ራንኪን በግዛቲቱ ኃያል ከነበረው የአናኮንዳ መዳብ ኩባንያ ይልቅ አድማ ከመቱት ሠራተኞች ጎን ቆሙ። በጥር 1918 የሴቶችን የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ ለማስፈር የቀረበውን ሐሳብ በምክር ቤቱ ለውይይት የከፈቱት እርሳቸው ናቸው። ሐሳቡ በ274 ለ136 ድምፅ አለፈ፤ ሴኔቱ ግን ጣለው። በ1919 ኮንግረሱ ሲያጸድቀው ራንኪን ወንበራቸውን አጥተዋል፤ የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች የምርጫ ክልሉን ለሁለት ስለከፈሉት በሴኔት ዕድላቸውን ሞክረው ተሸንፈው ነበር።

ከሁለት ዐሥርት ዓመታት የሰላም ቅስቀሳ በኋላ በ1940 እንደገና ተመረጡ። የ1917ቱን ድምፃቸውን በኋላ በበጎ የተመለከቱት ብዙ ናቸው። አገር በተጠቃች ማግስት የሰጡት ሁለተኛው ግን ለወዳጆቻቸውም ቢሆን ለመሟገት የሚከብድ ነው። ወንድማቸው ሞንታና በሙሉ እንደተነሣችባቸው በቴሌግራም አሳወቋቸው። በ1942 ራንኪን ለምርጫ አልቀረቡም።

ከዚያ በኋላ የጋንዲን የሰላማዊ ትግል መንገድ ለማጥናት ወደ ሕንድ ደጋግመው ተጓዙ። በጥር 1968፣ በ87 ዓመታቸው፣ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን እየመሩ በዋሽንግተን ሰልፍ ወጡ። በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ በ92 ዓመታቸው እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በሁለቱም ድምፆቻቸው አልተጸጸቱም።