ሃምሳ አለቃ ሄንሪ ጆንሰን፦ ከግል ማኅደራቸው ጎድሎ የኖረው ገድል

የአሜሪካ ምድር ጦር ባልደረባ የነበሩት ሃምሳ አለቃ ሄንሪ ጆንሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈጸሙት ጀብዱ የአገራቸውን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት ያገኙት ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ97 ዓመታት በኋላ ነው። እርሳቸው ከሞቱ ደግሞ 86 ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ያህል ብቻ ይቀረው ነበር። ለመዘግየቱ የመጀመሪያው ምክንያት የቆዳቸው ቀለም መሆኑ አያከራክርም። ሁለተኛው ግን የመዝገብ ቤት ጉዳይ ነበር፤ ከጦሩ ሲሰናበቱ የተሰጣቸው ወረቀት በጦር ሜዳ ስለደረሰባቸው ቁስል አንድም ቃል አልያዘም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንሰን የተወለዱት በሰሜን ካሮላይና ግዛት ነው። የተወለዱበትን ቀን በትክክል ስለማያውቁት በተለያዩ ሰነዶች ላይ የተለያየ ቀን ያስመዘግቡ እንደነበር ይነገራል። በወጣትነታቸው ወደ ኒውዮርክ ግዛት ዋና ከተማ ወደ ኦልባኒ ተሻግረው በባቡር ጣቢያው የመንገደኞች ሻንጣ ተሸካሚ ሆነው ሠርተዋል። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ63 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደታቸውም ከ60 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ደቃቃ ሰው ነበሩ።

አሜሪካ ጦርነቱን በተቀላቀለችበት በ1917 በኒውዮርክ ብሔራዊ ዘብ ሥር ለጥቁሮች በተቋቋመው ሬጅመንት ተቀጠሩ። ይህ ጦር ኋላ 369ኛው እግረኛ ሬጅመንት ተብሎ የተሰየመውና የሃርለም ተዋጊዎች በሚል መጠሪያ የታወቀው ነው። ፈረንሳይ እንደደረሰ የተሰጠው ተግባር ግን ውጊያ አልነበረም፤ ወታደሮቹ በሴንት ናዜር ወደብ መርከብ እንዲያራግፉና የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጉ ተደረገ። የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭ ወታደሮችን ጎን ለጎን ማሰለፍ ስላልፈለገ፣ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ጆን ፐርሺንግ ሬጅመንቱን ለፈረንሳይ ጦር አሳልፈው ሰጡት። ወታደሮቹም የፈረንሳይ ቆብ ደፍተው፣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ታጥቀው፣ በፈረንሳይ አዛዦች ሥር ወደ ግንባር ገቡ። አንድ ጦር የራሱን ወታደሮች ለሌላ አገር ዕዝ ካስረከበ በኋላ የእነርሱን ውሎ ማን ይመዘግባል የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ ያሳሰበው ሰው ያለ አይመስልም።

በሜይ 1918 አጋማሽ፣ በ14ኛው ቀን ለ15 አጥቢያ ሌሊት፣ ጆንሰን ከባልደረባቸው ከኒድሃም ሮበርትስ ጋር በአርጎን ደን አቅራቢያ በአንድ የፊት ጣቢያ ቃፊር ሆነው ቆመው ነበር። ቢያንስ 12 የሚሆኑ የጀርመን ወታደሮች በድንገት አጠቋቸው። ሮበርትስ ገና ከጅምሩ ክፉኛ ቆሰሉ። ጆንሰን የእጅ ቦምቦቻቸውን ወርውረው ሲጨርሱ ወደ ጠመንጃቸው ዞሩ፤ ነገር ግን በፈረንሳይ ሠራሹ ጠመንጃ ላይ የአሜሪካ ጥይት ለማጉረስ ሲሞክሩ መሣሪያው ነከሰባቸው። በሰደፍ መማታት ጀመሩ፤ ሰደፉ ሲሰበርም ቦሎ የተባለውን ገጀራ መሰል ትልቅ ቢላዋ መዝዘው ጨበጣ ገጠሙ። ጀርመኖቹ ሮበርትስን ማርከው ሊወስዱ ሲጎትቱ ደርሰው ያስጣሉትም በዚሁ ቢላዋ ነው። ረዳት ኃይል ሲቃረብ አጥቂዎቹ ሸሹ። ጆንሰን በአካላቸው ላይ 21 ቁስሎች ተቆጥረዋል።

ፈረንሳይ ሽልማቷን አላዘገየችም። ለሁለቱም ወታደሮች ክሯ ደ ጌር የተባለውን የጦር መስቀል ሜዳይ ሰጠች፤ በጦርነቱ ይህን ሽልማት ካገኙ የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን መካከልም ሆኑ። የአሜሪካ ጋዜጦች ውጊያውን በጆንሰን ስም ጠሩት። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1919 ሬጅመንቱ በኒውዮርክ አምስተኛ ጎዳና በድል ሲሰለፍ፣ ጆንሰን በክፍት አውቶሞቢል ተቀምጠው በሕዝብ ጭብጨባ አለፉ። ምስላቸው ወታደር ለመመልመልና የጦርነት ቁጠባ ቴምብር ለመሸጥ አገልግሏል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም በጦርነቱ ከታዩት አምስት ደፋር አሜሪካውያን አንዱ አድርገው ቆጥረዋቸዋል።

ከአገራቸው ጦር ግን አንድም ሜዳይ አላገኙም። ምስላቸው አደባባይ ላይ ሲለጠፍ፣ የስንብት ወረቀታቸው ምንም ጉዳት እንዳልደረሰበት ሰው ወረቀት ሆኖ ወጣ። ጆንሰን ነጭ ወታደሮች በጥቁሮቹ ላይ ይፈጽሙት የነበረውን በደል በ1919 በሴንት ሉዊስ ከተማ ባደረጉት ንግግር በይፋ ከተናገሩ በኋላ ደግሞ፣ ንግግር እንዲያደርጉ የሚጋብዛቸው ጠፋ። እግራቸው ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር በቀድሞው የሻንጣ ተሸካሚነት ሥራቸው መቀጠል አልቻሉም፤ ትዳራቸውም ፈረሰ። እስከ ሞታቸው ድረስ ከመንግሥት ምንም ድጋፍ አላገኙም ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ግን ትክክል አይደለም። የጦር ጉዳተኞች ቢሮ መዛግብት እንደሚያሳዩት በ1927 በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት የሙሉና ዘላቂ ጉዳተኛነት ውሳኔ አግኝተው ወርኃዊ ክፍያ ይቀበሉ ነበር። ውሳኔው የተሰጠው ለበሽታው እንጂ ለጦር ሜዳው ቁስል አለመሆኑ ግን ልብ ሊባል ይገባል። በጁላይ 1 ቀን 1929 በዋሽንግተን ዲሲ አረፉ፤ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ።

በጦር ሜዳ ለቆሰሉ የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት የተባለው ሜዳይ በዚህ መልኩ የተቋቋመው በ1932 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉም ማስረጃ አቅርበው እንዲያገኙት ተፈቅዶ ነበር። ጆንሰን ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሞተዋል፤ በሕይወት ቢኖሩም የያዙት የስንብት ወረቀት አያስረዳላቸውም ነበር። ስህተት ያለባቸውን የወታደር መዛግብት የሚያርሙ ቦርዶች እንዲቋቋሙ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1946 ሲሆን፣ ቦርዶቹ የሚንቀሳቀሱት አመልካች ሲቀርብና ማስረጃ ሲያያዝ ነው። የዚያን ትውልድ ወታደር ታሪክ ለሚያጣራ ሰው ሌላም እንቅፋት ነበር፤ በ1973 በሴንት ሉዊስ በሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ማዕከል በተነሳ ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ ማኅደሮች ወድመዋል።

ጉዳዩን እንደገና ያነሱት በኦልባኒ የሚገኙ የቀድሞ ወታደሮችና የጆንሰን ልጅ መሆናቸው ይታመን የነበሩ አንድ የቀድሞ አየር ኃይል ባልደረባ ናቸው። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ፐርፕል ኸርት በ1996 ተሰጠ። በ2002 መጀመሪያ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ይፋ ሆነ። በኦልባኒ በድሆች መቃብር እንደተቀበሩ ሲነገርላቸው የኖሩት ጆንሰን፣ የኒውዮርክ ግዛት የጦር ታሪክ ባለሙያዎች ባደረጉት ማጣራት በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር በክብር ማረፋቸው ተረጋገጠ። መዝገቡ ከ1929 ጀምሮ በቦታው ነበር፤ ከፍቶ ያየው አልነበረም። በዚያው ዓመት በደረጃ ሁለተኛ የሆነው የላቀ አገልግሎት መስቀል ተወሰነላቸው።

የመጨረሻው ሽልማት ግን ማስረጃ አንሶት ቆየ። እዚህ ላይ የሌላውን ጥቁር ወታደር የፍሬዲ ስቶወርስን ጉዳይ ማነጻጸር ይጠቅማል። በሴፕቴምበር 1918 የተሰዉት ስቶወርስ ለክብር ሜዳይ እንዲታጩ የሚጠይቅ ደብዳቤ በወቅቱ ተጽፎላቸው ነበር፤ ደብዳቤው ውሳኔ ሳያገኝ ተቀምጦ ስለኖረ ጦሩ ራሱ ባካሄደው ማጣራት ሲገኝ በ1991 ተሸለሙ። ለጆንሰን ግን ሊፈለግ የሚችል እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልነበረም።

በ2011 የሴናተር ቻክ ሹመር ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ባደረጉት ፍለጋ፣ ጄኔራል ፐርሺንግ በውጊያው ሰሞን የሁለቱን ቃፊሮች ጀብዱ የገለጹበትን መልእክት አገኙ። ሬጅመንቱን ለሌላ አገር ያስረከቡት አዛዥ ራሳቸው ስለ ጆንሰን ጽፈው ነበር ማለት ነው፤ የጎደለው ወረቀቱን ከባለቤቱ ማኅደር ጋር ያያያዘ ሰው ነበር። ወደ 1,300 ገጽ የሚጠጋ ሰነድ ተሰብስቦ ለጦሩ ቀረበ። የክብር ሜዳይ የሚሰጥበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ በመሆኑ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት በ2014 መጨረሻ በወጣው የመከላከያ ሕግ ገደቡን ለዚህ ጉዳይ አነሳ።

ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ሜዳዩን በጁን 2 ቀን 2015 በዋይት ሀውስ ሲያስረክቡ የተቀበሉት የቤተሰብ አባል አልነበሩም። ለዚሁ ሽልማት ሲባል በተደረገ የዘር ሐረግ ማጣራት፣ ልጃቸው ናቸው የተባሉት ሰው ከጆንሰን ጋር የሥጋ ዝምድና እንደሌላቸው ታውቋል። ለዓመታት የተሟገቱት እኚህ ሰው ግን ይህን ሳይሰሙ አርፈዋል። ሜዳዩን የተረከቡት በኒውዮርክ ብሔራዊ ዘብ ከፍተኛ የበታች ሹም የነበሩት ሉዊስ ዊልሰን ናቸው። በሉዊዚያና ግዛት የሚገኘው ፎርት ፖልክ የጦር ሠፈር በ2023 በጆንሰን ስም የተሰየመ ሲሆን፣ በ2025 ወደ ቀድሞው መጠሪያው ተመልሷል።