ዐፄ ሠርጸ ድንግል እና የጉዛራ ግንብ፦ ሕይወት፣ ኖራ እና የሙቀት ውጥረት

ከወረታ ተነሥቶ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የሚያመራው መንገድ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላ ትቶ እንፍራዝ አካባቢ ሲደርስ፣ ከጣና ሐይቅ ትይዩ ባለ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። ግንቡ በተለምዶ የሚታወቀው በዐፄ ሠርጸ ድንግል ስም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የንጉሡን ሕይወት በአጭሩ መቃኘትና የግንቡ ግድግዳ ለዚያ ታሪክ የሚሰጠውን ምስክርነት ማመልከት ነው።

ሠርጸ ድንግል የዐፄ ሚናስ ልጅ ሲሆን፣ አባቱ ሲያርፍ በ1563 (እ.ኤ.አ.) ገና በልጅነቱ ነገሠ፤ ስመ መንግሥቱም መለክ ሰገድ ተባለ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዙፋኑን ከተቀናቃኝ መኳንንት በመከላከል አለፉ። በ1579 ከኦቶማን ቱርኮች ጋር ያበረውን ባሕር ነጋሽ ይስሐቅን ድል ነሥቶ ድባርዋን ያዘ። በ1588 ደግሞ የእናርያ ገዥ ክርስትናን ሲቀበል ንጉሡ የክርስትና አባት ሆነ። በዘመኑ የመንግሥቱ ማእከል ከሸዋ ወደ ጣና ዙሪያ አዘነበለ፤ ይህም ኋላ ለጎንደር መቆርቆር መንገድ ጠረገ። በ1597 ሲያርፍ በጣና ሐይቅ በምትገኘው የሬማ መድኃኔ ዓለም ደሴት ተቀበረ፤ ዙፋኑንም ሕፃኑ ያዕቆብ ወረሰ።

ይሁን እንጂ ጉዛራን የማነጹ ጉዳይ አከራካሪ ነው። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደ ዘገበው፣ ለግንባታ የሚሆን ኖራ በአገሩ የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ዘገባው ትክክል ከሆነ፣ በኖራ የተገነባው ጉዛራ ከሠርጸ ድንግል በኋላ የታነጸ ይሆናል፤ ግንቡ የእርሱ ከሆነ ግን የኖራ ጥበብ ከዘገባው ቀድሞ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ክርክሩ በድንጋዮቹ መካከል ካለው ኖራ ጋር የተሳሰረ ነው።

በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ተደራራቢ ቁስ ነው። ፀሐይ የውጭውን ገጽ ስታሞቅ ውስጡ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል፤ ገጹ ለመስፋት ሲሞክር ውስጡ ይይዘዋል፤ ማታ ደግሞ ሂደቱ ይገለበጣል። በድንጋዩና በማያያዣው መካከል የሚፈጠረው ውጥረት በግርድፉ የማያያዣው ግትርነት፣ የሁለቱ ቁሶች የመስፋት መጠን ልዩነትና የሙቀት ለውጡ ብዜት ነው። ለማሳያ ያህል፣ የመስፋት ልዩነቱ በዲግሪ 3 ሚሊዮንኛ፣ የሙቀት ለውጡም 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ግትርነቱ 2 ጊጋ ፓስካል በሆነ ኖራ ላይ 0.12 ሜጋ ፓስካል፣ 20 ጊጋ ፓስካል በሆነ ሲሚንቶ ላይ ግን 1.2 ሜጋ ፓስካል ውጥረት ይፈጠራል። ኖራ በዝግታ ስለሚለጠጥ ከዚህም የተወሰነውን ያረግባል። ሲሚንቶ ግን ውጥረቱን ወደ መጋጠሚያው ያስተላልፋል፤ መጋጠሚያው ሲላቀቅ የክረምት ዝናብ ይገባበታል፤ ገጹም ያብጣል፣ ከውስጡም ይለያል።

የፎገራ ዋልካ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰነጠቅ ቤትን ከመሠረቱ ያናጋል። ከሜዳው ርቆ ኮረብታ ላይ የቆመው ጉዛራ ግን የሚፈተነው በዋናነት በራሱ ግድግዳ ውስጥ ነው።

ኖራ ሲጠነክር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ የግንባታውን ዘመን በሬዲዮ ካርቦን ለመለካት ያስችላል። ሆኖም ከግድግዳው ጥልቅ ክፍል ያለው ኖራ ዘግይቶ ስለሚጠነክር፣ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ገና የረጋው ደግሞ የኋላ ዘመን ካርቦን ስለሚይዝ፣ ሁለቱም ግንቡን ከእውነተኛ ዕድሜው ያሳንሱታል። በ16ኛው ምእት ዓመትና በ17ኛው መባቻ የመለኪያው መስመር ጠፍጣፋ መሆኑም ብዙ ናሙና ይጠይቃል። የተሻለው ናሙና ከገጹ ብዙም ያልራቀና ያልተሰነጠቀ ኖራ ነው። በሲሚንቶ ሲጠገን በመጀመሪያ ተፍቆ የሚጣለውም ይኸው ነው። እንግዲህ ከጥገና በፊት ናሙና መውሰድና ጥገናውን በኖራ ማድረግ ግድግዳውን ከመፍረስ ይጠብቃል፤ የሠርጸ ድንግልም የግንብ ታሪክ በማስረጃ እንዲዳኝ ዕድል ይሰጣል።